ሠላሳ ስምንት ደረጃ፦ ቺካጎ ውስጥ ለአምስት ሌሊት ሰፈር የመምረጥ ጉዳይ

መነሻ

ቺካጎ ረጅም ጊዜ የኖረ ሐበሻ ይህን ስልክ ያውቀዋል። «ልንመጣ ነው፤ የት ሰፈር እንያዝ?» እኔም ለዓመታት የአንድ ሰፈር ስም ጠርቼ ስልኩን እዘጋ ነበር። ጥቅምት መግቢያ ላይ የመጣ አንድ ቤተሰብ ይህን ልማዴን አስጣለኝ። ሰፈሩን በትክክል መርጠን፣ ቤቱን ተሳሳትን። ስህተቱ ደግሞ በአብዛኛው የእኔ ነው። ቤተሰቡ ፈቅዶልኛል፤ ስማቸውን ሳልጠራ የሆነውን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

እንግዶቹ

አምስት ናቸው። ጓደኛዬ፣ ባለቤቷ፣ ሁለት ልጆቻቸውና እናቷ። የሚኖሩት ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። እናቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ከመጡ ጥቂት ወራቸው ነው። ጉልበታቸው ያማቸዋል። ሜዳ ላይ ደህና አድርገው ይሄዳሉ፤ ደረጃ ሲያዩ ግን ፊታቸው ይለወጣል። በዚያ ላይ የጽጌ ጾም ይዘዋል። የፈቃድ ጾም ነው ብሎ የሚያስፈታቸው ሰው እስካሁን አልተገኘም።

የመጡት ለእህታቸው ልጅ ሠርግ ነው። ሠርጉ ቅዳሜ፣ ከከተማው በስተሰሜን ባለ አዳራሽ። መልሱ እሑድ፣ በቺካጎ ሰሜን ጫፍ ባለው ሮጀርስ ፓርክ ሰፈር በሚገኘው የዘመድ ቤት። ሐሙስ ማታ ገብተው ማክሰኞ ይመለሳሉ። አምስት ሌሊት ማለት ነው። ባልየው መኪና ለመከራየት ወስኗል። ልጆቹ ባቡር ማየት ይፈልጋሉ። ጓደኛዬ ዳውንታውንን አንድ ቀን ማየት ይበቃታል።

ችግሩ

ቺካጎ በይፋ በ77 አካባቢዎች የተከፈለ ከተማ ነው። ሰው በአፉ የሚጠራቸው የሰፈር ስሞች ደግሞ ከዚያም ይበዛሉ። ዜና ብቻ የሚያይ ዘመድ ግን ከተማውን አንድ ሰፈር አድርጎ ነው የሚያስበው። አንዱ አጎት «ከዳውንታውን እንዳትወጡ፣ ተኩስ ነው» አለ። ሌላው «ኤርፖርት አጠገብ ያዙና አርፋችሁ ተቀመጡ» አለ። የሙሽራው ወገን ደግሞ «እኛ ጋ ተኙ» ይላል። የሠርግ ቤት ውስጥ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በዚህ ላይ ማንም ያላሰበው ነገር ተደረበ። የቺካጎ ማራቶን የሚሮጠው አብዛኛውን ጊዜ በጥቅምት መግቢያ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ሁለተኛ እሑድ ነው። የሠርጉ ሰሞን ማለት ነው። ከ50 ሺህ በላይ ሯጭ ይገባል፤ መነሻውም መድረሻውም ዳውንታውን ግራንት ፓርክ ነው። ሯጩ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም ከመነሻው በእግር የሚደረስበት ሆቴል ይፈልጋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ፀጋዬ ከበደና አፀደ ባይሳ በአንድ ቀን በወንድም በሴትም ያሸነፉበት ውድድር ነው። እኔ ራሴ በየዓመቱ ወጥቼ እጮሃለሁ። ቀኑ ግን ትዝ አላለኝም፤ ጓደኛዬ የሆቴል ዋጋ ልካ «ይሄ ነገር ጤነኛ ነው?» እስክትለኝ ድረስ።

ያየናቸው አማራጮች

መጀመሪያ የላከችልኝ ርካሽ አፓርትመንት ነበር። በጣም ደስ ብሏታል። «ሚሺጋን አቬኑ ላይ ነው፤ በዚህ ዋጋ!» አለችኝ። ሚሺጋን አቬኑ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ሱቅና ሆቴል የተደረደረበት የመሃል ከተማው ክፍል ነው። ጎዳናው ግን ወደ ደቡብ ብዙ ማይል ይቀጥላል። አድራሻውን ሳየው 4700 ሳውዝ ይላል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ለቺካጎ እንግዳ ከዚህ የሚጠቅም ነገር የለም። የከተማው ቁጥር ሁሉ የሚጀምረው ስቴትና ማዲሰን ጎዳናዎች ከሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን በየ800 ቁጥሩ አንድ ማይል ይሆናል። ወደ ደቡብ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ማይሎች ትንሽ ይለያሉ፤ 1200፣ 2200 እና 3100 ላይ ነው የሚያልቁት። ከዚያ በኋላ እንደገና በየ800 ነው። ስለዚህ 4700 ሳውዝ ማለት ከመሃል ከተማ አምስት ማይል ወደ ደቡብ ነው። ካርታ ሳይከፈት ይታወቃል።

አካባቢው ብሮንዝቪል ነው። ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የፈለሱ ጥቁር አሜሪካውያን የሠሩት፣ ትልቅ ታሪክ ያለው ሰፈር ነው። ሳውዝ ሳይድ፣ ማለትም የከተማው ደቡብ ክፍል፣ ሲባል በደፈናው የሚደነግጥ ሐበሻ አለ፤ ያ ልክ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቺካጎ ያለበት ሃይድ ፓርክም ሳውዝ ሳይድ ነው። ይህን ቤት የጣልነው በርቀቱ ነው። የሠርጉ ዘመዶች ያሉበት ሰሜን ጫፍ ከዚያ 20 ኪሎ ሜትር ያልፋል። አዛውንት ይዞ በቀን ሁለቴ ያን መንገድ መመላለስ ሠርጉን ያስረሳል።

ሁለተኛው ዳውንታውን ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ክፍል በአዳር 400 ዶላር ይጠጋል። ለአምስት ሰው ሁለት ክፍል ያስፈልጋል። የቺካጎ የሆቴል ታክስ ከ17 በመቶ በላይ ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ለብቻው ይከፈላል። ደምረን ዝም አልን።

ሦስተኛው ኦሄር ኤርፖርት አጠገብ ያለው ሮዝሞንት ነው። ዋጋው ደህና ነው። ካርታ ላይ ሲታይም ከሮጀርስ ፓርክ ጋር ጎን ለጎን ይመስላል። ነገር ግን የቺካጎ ባቡሮች ከመሃል ከተማ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ወደ ውጪ የተዘረጉ ናቸው። ከሮዝሞንት ወደ ሮጀርስ ፓርክ በባቡር ለመሄድ በብሉ ላይን መሃል ከተማ ድረስ ወርዶ፣ በሬድ ላይን እንደገና ወደ ሰሜን መውጣት ነው። መኪናው በባልየው እጅ ስለሆነ፣ እሱ ልጆቹን ይዞ ከወጣ ጓደኛዬና እናቷ ሆቴል ውስጥ ታሰሩ ማለት ነው። ባየነው ሆቴል ዙሪያ ደግሞ በእግር የሚደረስ ነገር ብዙም የለም።

ኤጅዎተርን የመረጥንበት ምክንያት

የቀረው ኤጅዎተር ነው። በሰሜን በኩል፣ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ያለ ሰፈር ነው፤ ከሮጀርስ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። ብሮድዌይ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ሬድ ላይን ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል። ከግራንቪል ጣቢያ መሃል ከተማ ለመድረስ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ግራንቪል 6200 ኖርዝ ስለሆነ ሂሳቡ ወደ ስምንት ማይል ይጠጋል። የማራቶኑ መንገድ ደግሞ እዚህ ሳይደርስ፣ አዲሰን ጎዳና አካባቢ ዞሮ ይመለሳል። እሑድ መንገድ አይዘጋብንም።

ስለ ፀጥታው በወሬ አልተመራንም። ከተማው ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመዘገቡ ወንጀሎችን በድረ ገጹ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያወጣል። የቤቱን ዙሪያ ጥቂት ጎዳናዎች ብቻ አየን። የሰፈር አማካይ ብዙ አይናገርም፤ አንዱ መንገድና ቀጣዩ ሊለያዩ ይችላሉ። ደህና ነበር።

ሆቴል በዚያ ሰፈር ጥቂት ነው። ስለዚህ የአጭር ጊዜ ኪራይ ፈለግን። ከተማው እንዲህ ዓይነት ቤቶች የምዝገባ ቁጥር እንዲኖራቸው ያስገድዳል፤ ቁጥር የሌለውን ሁሉ ጣልን። የቀረው ባለ ሁለት መኝታ ቤት በአዳር 185 ዶላር፣ የጽዳት 150። አስተያየቱ ጥሩ፣ ፎቶው ያማረ። «ከባቡር ጣቢያ ሁለት ደቂቃ» ይላል። አድራሻው ዊንትሮፕ ጎዳና ላይ ነው። «ያዢው» አልኳት።

ሐሙስ ማታ

ምግብ ይዤ ጠበቅኳቸው። መኪናው ቆመ፤ ልጆቹ ቀድመው ገቡ። ሕንፃው ቺካጎ ውስጥ በየመንገዱ የሚታየው፣ ሦስት ቤት ተደራርቦ የተሠራበት የጡብ ሕንፃ ነው። እንዲህ ያሉት ሊፍት የላቸውም። የእኛ ቤት ሦስተኛው ላይ ነው። ማስታወቂያው ላይ «ብርሃን የሞላበት የላይኛው ፎቅ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ እኔም አንብቤዋለሁ።

እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። በየደረጃው ሁለቱን እግር ያሳርፋሉ። ሁለተኛው ፎቅ መዞሪያ ላይ የሰው ጫማ ማስቀመጫ ነበር፤ እሱ ላይ ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለሠርግ ነው ወይስ እንጦጦ ልወጣ?» አሉኝ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ብዙም አልሳቁም። ቤት ሲገቡ «ሠላሳ ስምንት» አሉ። ቆጥረውት ነበር።

ምግቡ ቀርቦ ሳለ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ባቡሩ ከማድቤቱ ጀርባ፣ ልክ በእኛ ቁመት ያልፋል። የተሳፋሪ ፊት ይታያል። ልጆቹ ጮኹ፤ ለእነሱ ሠርጉ ያኔ ተጀመረ። ትንሹ ልጅ እስኪተኛ አሥራ አንድ ባቡር ቆጠረ። ሬድ ላይን ሃያ አራት ሰዓት እንደሚሠራ በኩራት የተናገርኩት እኔ ነኝ።

የሚያናድደኝ ይህ ነው። ቺካጎ ውስጥ ጥንድ ቁጥር የጎዳናው ሰሜንና ምዕራብ ጎን ነው፤ ጎደሎው ደቡብና ምሥራቅ። የባቡሩ ሐዲድ ከዊንትሮፕ ጋር ጎን ለጎን፣ በምዕራቡ በኩል ይሄዳል። የቤቱ ቁጥር ጥንድ ነበር። እዚህ የሚኖር ሰው ከአድራሻው ብቻ የቤቱ ጀርባ ሐዲድ መሆኑን ማወቅ ይችላል። በ4700 ሳውዝ ጎበዝ ሆኜ፣ እዚህ አላየሁትም።

የወሰድነው እርምጃ

ዓርብ ጠዋት አከራዩን አነጋገርን። ፎቁ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል አለ፤ እውነቱን ነው። ገንዘብ አልመልስም አለ። ለድምፁ የጆሮ መድፈኛ መሳቢያ ውስጥ አለ ብሎ ነገረን። እውነትም አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ነበር። ያን ያህል የጆሮ መድፈኛ የሚያስቀምጥ አከራይ ችግሩን አሳምሮ ያውቀዋል።

ሦስት ነገር አሰብን። እናቷን ዘመድ ቤት ማሳደር አንዱ ነው፤ ግን እዚያ ፍራሽ በፍራሽ ላይ ነው። ሁሉም ለቀው መሄድ ሁለተኛው ነው፤ የተከፈለው ገንዘብ ይቀራል። ሦስተኛው መከፋፈል ነው። እሱን መረጥን። ጓደኛዬና እናቷ ኤቫንስተን ውስጥ ሊፍት ያለው ሆቴል ለአራት ሌሊት ያዙ። ኤቫንስተን ከቺካጎ ጋር በሰሜን የምትዋሰን ሌላ ከተማ ናት፤ ከኤጅዎተር በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ታክሱን ጨምሮ ከ1,000 ዶላር ትንሽ አለፈ። ባልየውና ልጆቹ ከባቡሩ ጋር ቀሩ።

ሁለት ቦታ ከፍለው እንኳ ድምሩ ከዳውንታውኑ ዋጋ ግማሽ በታች ነው። ይህን ስነግራት ጓደኛዬ ትንሽ ቀለላት።

ደህና የሄደው

ሰፈሩ ራሱ አላሳፈረንም። እናቷ በየቀኑ ምሳ ብሮድዌይ ላይ የጾም በያይነቱ በሉ። አስተናጋጇ በሁለተኛው ቀን «እማማ፣ ሽሮውን ላስቀድምልዎ?» ትላቸው ጀመር። እሳቸው ከቺካጎ ምን ወደዱ ቢባሉ እሷን ነው የሚጠሩት።

እሑድ ባልየውና ልጆቹ በባቡር አዲሰን ድረስ ወርደው ማራቶኑን አዩ። ውድድሩ የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው፤ መሪዎቹ እዚያ አካባቢ የሚያልፉት አርባ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ነው። ባንዲራችንን የያዘ ሰው ብዙ ነበር። የሚታዩት ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ጀርባቸው ብቻ። ለምሳ መልሱ ቤት ነበሩ፤ አንድም የተዘጋ መንገድ አላጋጠማቸውም።

ሰኞ ዳውንታውን የሄዱት በ147 ቁጥር አውቶቡስ ነው። ይህን ባቡሩን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ሸሪደን ጎዳና ላይ ይሳፈሩበታል፤ የሐይቁን ዳር ይዞ በሌክ ሾር ድራይቭ ይሄድና ሚሺጋን አቬኑ ላይ ያወርዳል። ደረጃ የለም፤ አውቶቡሱ ለአዛውንት ዝቅ ይላል። እናቷ መስኮት ዳር ተቀምጠው «ባሕር ነው?» አሉ። ሐይቅ ነው አልናቸው። ከጣና ከአሥራ አምስት ጊዜ በላይ ይሰፋል ስላቸው፣ ጣናን ያሳነስኩ መስሏቸው ትንሽ ቅር አላቸው።

ያልሠራው

መኪናው። ሐሙስ ማታ ባልየው ቦታ ሲያገኝ ደስ ብሎት አቆመ። ዛፉ ላይ የታሰረችውን ብርቱካናማ ወረቀት በጨለማ አላያትም። በማግስቱ የመንገድ ጽዳት ነበር፤ 60 ዶላር ትኬት ተለጠፈበት። ባዶ ቦታ ሰው በበዛበት ሰፈር ሲገኝ መጠርጠር ነው። ለነዋሪ ብቻ የተፈቀዱ መንገዶችም አሉ። የሚከፈልበት ማቆሚያ ደግሞ ከተማው በ2008 እ.ኤ.አ. ለ75 ዓመት በ1.15 ቢሊዮን ዶላር ለግል ኩባንያ ያከራየው ነው፤ ቺካጎ ውስጥ ይህን ካነሱ ምሽቱ በዚያው ያልቃል። በአምስቱ ቀን መኪናው በእርግጥ ያስፈለገው ለአዳራሹና ሰው ከሰው ለማድረስ ነው። በታክሲ ይቻል ነበር።

መከፋፈሉም ዋጋ ነበረው። የቅዳሜ ጠዋት ልብስ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ተገኘ። የትልቋ ልጅ ጫማ ኤቫንስተን ቀርቶ በሸራ ጫማ ሠርግ ገባች።

ሌላ የሳትኩት የጣቢያ ሊፍት ነው። ግራንቪል ሊፍት አለው። አንድ ጣቢያ ወደ ደቡብ ያለው ቶርንዴል የለውም። ቅዳሜ ጠዋት አሮጊቷን ይዘን ቶርንዴል ደርሰን ደረጃውን ቀና ብለው አዩና፣ ምንም ሳይናገሩ ዞሩ። ሌሊት ደግሞ ባቡሩ ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ አይጠፋም። እኛ ሾፌሩ ያለበት የመጀመሪያው ፉርጎ ውስጥ እንገባለን፤ ከልጆች ጋር በጣም ከመሸ ግን ታክሲ ይሻላል።

ለሌላ ጊዜና ለሌላ ከተማ

አሁን ሰው ሲደውልልኝ የሰፈር ስም አልጠራም። መጀመሪያ የምጠይቀው ጠዋት ወዴት እንደሚሄዱና ማታ ከየት እንደሚመለሱ ነው። የዚህ ቤተሰብ ቀን ሁሉ ሰሜን ጫፍ ነበር፤ ዳውንታውን የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። ይህን ወረቀት ላይ ብንጽፈው ኖሮ የአጎቶቹ ክርክር አንድ ሳምንት አይፈጅም ነበር። ቀጥሎ በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ምን እንዳለ አያለሁ። ማራቶን፣ ትልቅ ጉባኤ፣ ምረቃ፤ ዋጋው ያለምክንያት አይሰቀልም።

ከዚያ ስለ ደካማው ሰው እጠይቃለሁ። አብዛኞቻችን ቤት የምንመርጠው በጤነኛው እግር ነው። «ስንተኛ ፎቅ ነው? ሊፍት አለው? ከመኝታ ቤቱ መስኮት ምን ይታያል?» ለአከራዩ ከመክፈል በፊት በጽሑፍ መላክ ያለባቸው እነዚህ ናቸው፤ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። ቺካጎ ውስጥ «ጋርደን» የሚባል ቤት ከታየ ደግሞ አትክልት አይጠበቅ፤ ቤዝመንት ነው።

ሌላ ከተማ ሌላ ጥያቄ አለው። ኮሎምበስ ኦሃዮ የከተማ ባቡር የለም፤ እዚያ መኪናው ይቀድማል፣ የማቆሚያው ነገር ከሰፈሩ ጋር አብሮ ይታሰባል። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዳውንታውን አላቸው፤ በመሃላቸው አሥር ማይል ያህል አለ። «ሚኒሶታ ዳውንታውን ያዝን» የሚል ሰው የትኛውን እንደሆነ ሳይነግረኝ ምንም አልልም።

ጓደኛዬ በቅርቡ ደውላ ነበር። ግንቦት ላይ ለምረቃ ኮሎምበስ ይሄዳሉ፤ እናቷም አብረው ናቸው። የኮሎምበስን የቤት ቁጥር እንደማላውቀው ነገርኳት። «አንቺን አልጠየቅኩሽም» አለችኝና ፎቶ ላከች። አከራዩ በሯን አንስቶ የላከላት ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ሦስት ደረጃ፣ በጎኑ የብረት መደገፊያ። እናቷ ፎቶውን በጣታቸው አስፍተው አይተውት፣ «ይቺን እችላታለሁ» ብለዋል።